እግር የያዝኩበት መኸር

ሴፕቴምበር 3፣ 1980፣ ረቡዕ

ዋሸሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይጻፍ።

ጠዋት አቶ ቴውኒስ መጣ። ማደንዘዣ ጋዙንና ጭንብሉን በአሮጌ መኪናው ጭኖ ከበረት በረት የሚዞረው የአሳማ ዘር መዝገብ ሰው ነው። ዛሬ ተራው የባሮን ግልገሎች ነበር። ባሮን አውራ አሳማችን ነው፤ በፔል ምድር ሁሉ የሱን የሚያህል ጭን የለም፤ ባሌ ድሪክ ከሚስቱ ጭን ይልቅ የሱን ሲያወድስ ሦስት ዓመት ሰምቻለሁ።

ፈተናው ሦስት ደቂቃ ነው። ጭንብሉ የግልገሉ አፍንጫ ላይ ይደረግና ይተኛል። የኋላ እግሮቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከተልፈሰፈሱ ደህና ነው። እንደ እንጨት ከደረቁ ግን ያ ነገር አለበት ማለት ነው፤ መኪና ላይ ሲጫን፣ ሲሞቀው ወይም ሲደነግጥ ሰውነቱ ነድዶ የሚሞተው ዓይነት። አንድ እንኳ ከደረቀ አባትየው ከመዝገብ ይሰረዛል። እንደ ወትሮው ቢሆን እግሩን የሚዳብሰው ቴውኒስ ራሱ ነው። ዛሬ ግን የሆነ አሳማ ቀኝ እጁን ነክሶት በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ትሬስ፣ እግሩን አንቺ ያዢልኝና ንገሪኝ። ከኔ እጅ ያንቺ ይሻላል» አለኝ።

አምስቱ ደህና ነበሩ። ስድስተኛው ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው መዳፌ ውስጥ ተገተረ። ሰኮናው ይንቀጠቀጣል። ቴውኒስ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው» አልኩ።

ጭንብሉን አነሳ፤ ጻፈ፤ ወደ ሰባተኛው ሄደ። ድሪክ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። እያፏጨ ወጣ። ማታ ሾርባ ስቀዳለት «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ሴፕቴምበር 7፣ እሁድ

አማቴ እማማ ያና ከቅዳሴ በኋላ ለምሳ መጡ። ልጃችን ፊን በዚህ ወር አሥራ ስምንት ቀን ቶንሲሏ እንደሚወጣ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ያስተኟታል?»

«አዎ፣ ትንሽ ደቂቃ ነው። ዛሬ እኮ ሁሉም ልጅ ያስወጣል።»

ቀና ብለው የቁም ሳጥኑን አናት አዩ፤ የራሳቸው ቤት የመሰላቸው ይመስለኛል፤ የሌንቸ ፎቶ ያለው እዚያ፣ በሳቸው ቁም ሳጥን ላይ ነው። ሌንቸ የድሪክ ታላቅ እህት ነበረች። በ1949፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ለትርፍ አንጀት ገብታ ገበታው ላይ ቀረች። «ልቧ ደካማ ነበር» ይላሉ እማማ። ሲሉም እንደ ጸሎት ነው፤ ቃል አይለውጡም።

የነሱ ቤት ሰው ሁሉ ቀጫጫና ገርጣጣ ነው። ፊን ደግነቱ ወደኛ ወጥታለች። ባት አላት! አባቴ በሁለት ብብቱ ሁለት ጆንያ ይሸከም ነበር፤ ወንድሜ ኖል ሱሪ የሚሰፋለት በልክ ነው። በኛ ዘር በሽታ አላውቅም። አጎቴ ብቻ በ1938 የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሞተ፤ እሱንም የገደለው ፍርሃት ነው። አሁን ኖልን ቡአ ይዞታል፤ እሱም ቢሆን ከባድ በማንሳት የመጣ እንጂ ሌላ አይደለም። የስኳር ቀይ ሥሩ ከማሳ ከተነሳ በኋላ ይቀደዳል።

ሴፕቴምበር 12፣ አርብ

ስድስተኛው ግልገል ሞተ። ድሪክ ከአንዱ ጉረኖ ወደ ሌላው ሲነዳው ከሌላ ጋር ተጣላ፤ ወደቀ። ስደርስ ቆዳው ቀይና ሰማያዊ ጣል ጣል ብሎበታል፤ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ምድጃ ይፋጃል። እየሞተ ሳለ ደረቀ።

ድሪክ፦ «ለማንም አትንገሪ።»

ለማን እነግራለሁ?

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

በሕይወት አለች። በሕይወት አለች። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ሴፕቴምበር 19፣ አርብ

ከአልጋዋ ጎን ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ተኝታለች፤ እውነተኛ እንቅልፍ። ከንፈሯ ተላልጧል። በየሁለት መስመሩ ብድግ እያልኩ ባቷን እዳብሳለሁ። ለስላሳ ነው።

ትናንት እንደገባን ፊን አሻፈረኝ አለች። ጭንብሉን ስታይ ዶክተር ፋን ሎንን በእግሯ ሆዱን አለችው። መነኩሲቷ ነርስ፣ እህት አልፎንሳ፣ ብቻዋን ነበረች። «እናትየዋ እግሯን ትያዝልን፤ ሰው የለም» አለች። ያዝኩ። ጉልበቷ ላይ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፤ ሳላስበው ግልገል እንደምይዘው ነው የያዝኳት።

ተኛች። ራስዋ ወደ ጎን ዘንበል አለ። እግሯ ይለሰልሳል ብዬ ስጠብቅ ባቷ ከመዳፌ ስር ቀስ ብሎ ተነሳ። ጠነከረ። ክው አልኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር ያሳፍረኛል፤ «ለስላሳ ነው» የሚለው የገዛ ድምፄ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው።

ዶክተሩ አፏን ሊከፍት ይታገላል። መንጋጋዋ ተቆልፏል።

«ገና አልተኛችም። ጨምሪላት» አለ ለመነኩሲቷ።

«አውልቁት!» ብዬ ጮህኩ። «ጭንብሉን አውልቁት!»

«እመቤት፣ ምን ሆነሻል? እግሯን ያዢ እንጂ!»

«ይዣለሁ! ደርቃለች። አሳማዎቻችን እንዲህ ነው የሚሞቱት!»

አልጠበቅኩትም። ጭንብሉን በገዛ እጄ መንጭቄ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። እህት አልፎንሳ አማተበች። ዶክተሩ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ የፊንን ጭን ዳበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጋዙን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው፤ ኦክስጅን፣ ከወጥ ቤት በባልዲ የመጣ በረዶ፣ እርጥብ አንሶላ። ሙቀቷ አርባ ነጥብ ሦስት ደረሰ። ሽንቷ እንደ ጥቁር ቢራ ሆኖ ወጣ። እየተሸከምኩ ያመላለስኩት በረዶ ጣቶቼን አደነዘዛቸው፤ እሷ ግን ትነዳለች።

ወደ ማታ ሙቀቷ መውረድ ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ በቸኮሌት ፍርፋሪ ፈለገች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስለ አሳማ የነገርሽኝን ድገሚልኝ» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ እሱ በተራው አስረዳኝ። ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም የሚከማችባቸው ጥቃቅን ጎተራዎች አሉ። በራቸው ሲከፈት ጡንቻው ይጨማደዳል፤ ሲዘጋና ካልሲየሙ ሲመለስ ይላላል። ተመራማሪዎች እንደሚመስላቸው በነዚህ አሳማዎችና በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ጋዙ በሩን ከከፈተው የሚዘጋው የለም። ጡንቻው ሳይንቀሳቀስ ይሮጣል፤ ሰውየውን ከውስጥ ያበስለዋል።

«በዘር ነው የሚመጣው። በሰው ላይ አንድ ወላጅ ብቻ ይበቃል። በማደንዘዣ የሞተ ዘመድ አላችሁ?»

«የባሌ እህት» አልኩት ወዲያው። ስመልስ ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።

«ከሁለታችሁም ጭን ቁራጭ ጡንቻ ወስደን ትልቁ ሆስፒታል ይመረመራል። እስከዚያ ግን በእናትም በአባትም በኩል ያለ ዘመድ ሁሉ ማደንዘዣ ጋዝ እንዳይወስድ ንገሪያቸው። በሁለቱም በኩል።»

ሴፕቴምበር 21፣ እሁድ

ይህን መጻፍ ይኖርብኛል።

ድሪክ እናቱን ለምሳ አመጣቸው። ፊንን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ተቀመጡና «እንደ ሌንቸ ልቧ ደካማ ይሆን?» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ልብ! ሠላሳ ዓመት ልብ እያልሽ! ልጅሽ ደርቃ ነው የሞተችው። ሰው ደማቸው መጥፎ ነው እንዳይል አፍሽን ዘጋሽ። የኔንም ዝም ብለሽ ልታስቀብሪያት ነበር!»

አንቺ አልኳቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አንቺ ብያቸው አላውቅም።

የአፍ መጥረጊያቸውን አራት ቦታ አጠፉት። ኮታቸውን ለበሱ። ሾርባው እንዳለ ቀረ።

«እናቴ እኮ ናት» አለ ድሪክ።

«ልጅህስ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ምን አገባኝ፤ እውነት ነው የተናገርኩት።

ሴፕቴምበር 26፣ አርብ

የድሪክን ዘመዶች ሁሉ ደውዬ አስጠነቀቅኩ፤ አሥራ አንድ ቤት። ግማሾቹ ዘጉብኝ።

የኛዎቹን ምን አስፈራቸዋለሁ።

ለአቶ ቴውኒስም ደወልኩ። ስድስተኛው ደርቆ ነበር፤ ዋሽቼሃለሁ፤ ሞቷልም አልኩት።

«እኔ ያንቺን እጅ አምኜ ነው የጻፍኩት ትሬስ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 30

ባሮን ተወሰደ። መኪናው ላይ ሲወጣ ድሪክ ጎኑን መታ መታ አደረገው። «ዋሺ ያለሽ የለም፤ እውነቱን ተናገሪ ያለሽም የለም» አለኝና ወደ በረት ገባ። ሁለቱም ልክ ነው።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ጡንቻችንን ቆረጡ። የሚያደነዝዙት በመርፌ ቆዳውን ብቻ ነው፤ ያኛው ጋዝ አይደለም። ቁራጩን የጨው ውሃ ውስጥ ሰቅለው ጋዙን ይለቁበታል፤ ካጠረ እሱ ነው። የድሪክ ብቻ አይበቃም ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩት። «ለወጉም ቢሆን ያንቺም ይሁን» አለ። ለወጉ እሺ።

ኮሪደሩ ላይ እማማ ያና ተቀምጠዋል። የእሁድ ባርኔጣቸውን አድርገዋል። የጠራቸው የለም፤ በአውቶቡስ ብቻቸውን ነው የመጡት።

«ከኔ የመጣ ከሆነ ከኔም ቁረጡ» አሉት ዶክተሩን። ወደኔ አላዩም።

በሰባ አንድ ዓመታቸው! ዶክተሩ አያስፈልግም ቢል አልሰሙትም። እንግዲህ አሁን ያምናሉ ብዬ በልቤ ተደሰትኩ። እንደዚያ ነበርኩ።

ኦክቶበር 10፣ አርብ

የእማማ ቁስል አመርቅዟል። በከዘራ ነው የሚሄዱት። ድሪክ አንዳንዴ ሲሄድ ያገኛቸዋል።

«የሌንቸን ፎቶ በፊቷ ደፍታዋለች» አለኝ ዛሬ። «ለምን ስላት፣ ገድያታለሁ፣ ዓይኗን ማየት አልችልም አለችኝ።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም አላልኩሽ። የሆነውን ነው የምነግርሽ።»

ድንች ላጥኩ። የላጥኩት ለሃያ ሰው ይበቃል።

ኦክቶበር 17፣ አርብ

ኖል ደወለ። የስኳር ቀይ ሥሩ ተነስቷል፤ ቀጠሮው በሃያ ስምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

«ከዚያ በኋላ እንደገና ወንድ እሆናለሁ!» ይላል። «ያማትሽ ነገርስ? የድሪክ ወገኖች እንደ አሳማ ናቸው አሉ?»

ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ዶክተሩ በሁለቱም በኩል ያለውን ልነግረው አሰብኩ። በኋላ፣ በሽታው ከድሪክ እንደሆነ ሲረጋገጥ፣ በከንቱ አስደነገጥሽን እንዳይለኝ ተውኩት።

ኦክቶበር 24፣ አርብ

ፖስተኛው መጣ። የመኖ ማስታወቂያና የሰበካው ጋዜጣ። ሌላ የለም።

ንፋስ ነው። ልብስ አጠብኩ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

እናት አሳማዎቹን አጠብኩ። መስኮቶቹን አጠብኩ። ድሪክ «ጳጳሱ ሊመጡ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ደብዳቤው መጣ ወይ አለኝ። አልመጣም አልኩት።

ምሳ አልበላልኝ አለ። ሰኞ ለሆስፒታሉ እንደውላለን አልኩት።

ኦክቶበር 26፣ እሁድ

ቅዳሴ ላይ እማማ ያና ሦስት ወንበር ከፊታችን ነበሩ። ሲንበረከኩ ያንን እግር ወደ ጎን ነው የሚያወጡት። ቁርባን አልተቀበሉም። በዕድሜያቸው ቀርተው አያውቁም። ሴቶቹ ተያዩ።

ከፊቴ ወጥተው ሲሄዱ ልጠራቸው ፈልጌ ነበር። አልጠራሁም። ፊን ሮጣ ከዘራቸውን ያዘችላቸው።

ማክሰኞ ሩቅ ነው። አይደለም፣ ነገ ወዲያ ነው። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። የኖል ሚስት ሚን ብታነሳ ምን ልላት ነው?

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

አሥር ሰዓት ላይ፣ ድሪክ በረት ሳለ፣ እማማ ያና መጡ። በዝናብ፣ በእግራቸው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያን እግር እየጎተቱ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። በሩን ስከፍት አልገቡም፤ ውሃው ከባርኔጣቸው ይንጠባጠባል።

«ድሪክ ደብዳቤ አልመጣም አለኝ» አሉ። «መታገስ አልቻልኩም። እሁድ የሙታን ቀን ነው። ሌንቸ መቃብር ላይ ምን ብዬ እንደምቆም ማወቅ አለብኝ። አበባ ላኑርላት ወይስ ይቅርታ ልጠይቃት?»

አስገባኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። ከዚያ የአሳማዎቹን የዘር ካርዶች የምናስቀምጥበትን መሳቢያ ከፍቼ ደብዳቤውን ከስሩ አወጣሁት።

መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ፣ አድርገው እስኪያነቡ፣ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁት። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። የድሪክ ጡንቻ ጤነኛ። የእርሳቸው ጤነኛ። የኔ በመጀመሪያዋ ትንሽ ጋዝ ተኮማትሯል፤ ከእናትየዋ የተወረሰ ነው፤ በእናትየዋ በኩል ያሉ ወንድምና እህቶች፣ ልጆቻቸውም ጭምር፣ በአስቸኳይ ይነገራቸው።

«እንግዲህ ልቧ ነበረ» አሉ።

ከዚያ አለቀሱ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም፤ ፊታቸው ሳይቋጠር እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔ ስድቡን እጠብቃለሁ። ይገባኝ ነበር፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው የተተረተው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ፤ ደህናውን።

«እማማ፣ እርስዎን...»

«ተይው አሁን» አሉኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድምሽ ነገ አይደለም እንዴ የሚቀደደው?»

ለራሴ ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ነው እያልኩ ነበር የሰነበትኩት፤ ቀኑን እያወቅኩት። ፖስታውን አገላብጠው አዩ። የፖስታ ቤቱን ማኅተም፣ ቀኑን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ስልኩ ወዳለበት ሄዱ፤ እጀታውን አንስተው ያዙልኝ።

ያነሳው ራሱ ኖል ነው። ፒጃማ እያስገባሁ ነው አለኝ፤ ማታ ሆስፒታል ይተኛል፣ ጠዋት አንደኛ ተራ ነው። መሃል ላይ እንዳላቆም ፈርቼ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«እኔ ነኝ እንግዲህ አሳማው» አለ። ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ለዶክተሩ አሁኑኑ ደውል። ጋዙን አይንኩት። በመርፌ ወገብህን ብቻ ያደነዝዙሃል፤ ይቻላል። ለሚን ንገራት፣ ለልጆቹም፣ ለሁሉም።»

«እሺ። እሺ ትሬስ።» ሲተነፍስ ይሰማኛል። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

እማማ ያና ክንዴን ሊነኩኝ እስኪቃረቡ አጠገቤ ቆመዋል።

«ዛሬ» አልኩት። «አሁን ነው የመጣው።»

«እግዜር ነው ያዳነኝ» አለ ወንድሜ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «እግዜርና አንቺ።»

እጀታውን አስቀመጥኩ። ዞሬ ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። እማማ ያና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ለድሪክ ተዉት፤ ማኅተም ያለበትን ፖስታ ግን ሁለት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቦርሳውን ዘጉት። «ካልሲዬ ርሷል፤ ሻይ አፍይልኝ» አሉ።

ደብዳቤው የመጣው አርብ ነው።